ጥርስ ዝም ሲል ዳነ ማለት አይደለም

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እሳት ገና ከጭስ ሳያልፍ በአንዲት እርጥብ ቅጠል ይጠፋል፤ ቤቱን ከያዘው በኋላ ግን የመንደሩ ውኃ ሁሉ ቢደፋበት ላይመለስ ይችላል። ይህ ተረት እንደ ጥርስ የሚስማማው የሰውነት ክፍል የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ በአንድ ቀጠሮ የሚሞላ ትንሽ ቀዳዳ ውሎ አድሮ ነርቭ ይደርሳል፤ ከዚያም ጥርሱን ያስነቅላል፤ አልፎ አልፎም ሕይወት ይቀጥፋል።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በአትላንታ ወይም በዳላስ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ የሚውል አንድ አባወራ በዓይነ ኅሊና ይታይ። የታችኛው መንጋጋው ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ጠቅ ማድረግ የጀመረው ከዓመት በፊት ነው። ሰውየው በሌላው በኩል ማኘክ ተለማመደ። ከጥቂት ወራት በኋላ ትኩስ ቡናም ያመው ጀመር። አንድ ሌሊት ምንም ሳይነካው ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው፤ ሕመሙ እንደ ልብ ምት ትር ትር እያለ እስከ ጆሮው ዘለቀ። ቅርንፉድ ነከሰ፣ በአረቄ ተጉመጠመጠ፣ መኪናው ውስጥ ያገኘውን ክኒን ዋጠ። ሦስት ሌሊት ካሠቃየው በኋላ በአራተኛው ቀን ሕመሙ ድንገት ቆመ። «ተመስገን፣ ለቀቀኝ» አለና ከስንት ጉትጎታ በኋላ የያዘውን የሐኪም ቀጠሮ ስልክ ደውሎ ሰረዘ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ እራት ሊበላ ምግብ ቤት ሲገባ የምታስተናግደው ልጅ አየችውና፣ «ጋሼ፣ ጉንጭዎ አብጧል እኮ! ምን ሆነው ነው?» አለችው። «ተይኝ እስቲ ልጄ፣ ጥርስ ነው፤ ያልፋል» ብሎ መለሰላት።

ይህን የመሰለ ሰው በየከተማው አለ። የተሳሳተውም ሕመሙ የቆመ ዕለት ነው፤ ያ ዝምታ ፈውስ መስሎታል።

በጥርሱ ውስጥ ምን ተከናወነ?

የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በሰው ገላ ውስጥ የእርሱን ያህል ጠንካራ ነገር የለም፤ አጥንት እንኳ አይደርስበትም። ይሁን እንጂ የተሰበረ አጥንት መልሶ ሲገጥም፣ የተቦረቦረ ኢናሜል ግን ራሱን አይተካም። ከኢናሜሉ ሥር ዴንቲን የሚባለው ለስለስ ያለ ክፍል ይገኛል፤ ከመካከል ደግሞ ነርቭና የደም ሥር የያዘው ሕያው ክፍል አለ።

አፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከምግብና ከመጠጥ የሚያገኙትን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጣሉ። አሲዱ ኢናሜሉን ጥቂት በጥቂት ያሟሟዋል። መጀመሪያ ላይ የሚታየው ነጣ ያለ ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ በዚህ ጊዜ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙናና በንጽሕና ጉዳቱ ሊመለስ ይችላል። ምንም ሕመም ስለሌለው ግን ማንም ልብ አይለውም። ቀጥሎ ቀዳዳ ይፈጠራል። ቀዳዳው ዴንቲን ሲደርስ ቀዝቃዛ፣ ትኩስ ወይም ጣፋጭ ነገር ሲነካው ለአፍታ ጠቅ አድርጎ ይተወዋል። ይህ የመጀመሪያው ደወል ነው። በዚህ ደረጃ ሐኪሙ የበሰበሰውን ጠርጎ ይሞላዋል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል።

ደወሉ ሳይሰማ ከታለፈ ባክቴሪያው ወደ ነርቩ ይዘልቃል። ነርቩ በጠንካራ ግድግዳ ተከብቦ የሚኖር ስለሆነ ሲቆጣ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። ሌሊት የሚቀሰቅሰው፣ ትር ትር የሚለው፣ ቀዝቃዛው ነገር ከተወገደ በኋላም የማይለቀው ሕመም የሚመጣው ከዚህ ነው። ነርቩ ታፍኖ የሞተ ዕለት ደግሞ ሕመሙ ይቆማል። ሰውየው «ለቀቀኝ» ያለው ያን ጊዜ ነው። ባክቴሪያው ግን አልሞተም። የደም ዝውውር በሌለበት ባዶ ክፍል ውስጥ ማንም ሳይነካው ይራባል፤ በጥርሱ ሥር ጫፍ በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት ወጥቶ መግል ይቋጥራል። ያበጠው ጉንጭ የዚያ ምልክት ነው።

የሰማንያ ዶላር ጥርስ

«ጥርስ ማንን ገድሎ ያውቃል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ አያሌ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሜሪላንድ ግዛት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2007 በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ይኖር የነበረ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከተበላሸ ጥርሱ የተነሣው ባክቴሪያ አንጎሉ ደርሶ ሕይወቱ አለፈ። ሁለት ጊዜ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ ከስድስት ሳምንታት በላይም ሆስፒታል ቆይቷል። በወቅቱ ጋዜጦች እንደዘገቡት ያን ጥርስ ለማስነቀል የሚያስፈልገው 80 ዶላር ያህል ነበር፤ የሆስፒታሉ ወጪ ግን ወደ 250,000 ዶላር ደርሷል። የቤተሰቡ የሜዲኬይድ ሽፋን ተቋርጦ ነበር፤ እናቱም የልጆቿን ጥርስ የሚያይላት ሐኪም ለማግኘት ብዙ ደክማለች።

የዚህ ልጅ ሞት አገሩን ያነጋገረ ጉዳይ ሆነ። ሜሪላንድ ለድሃ ልጆች የሚሰጠውን የጥርስ ሕክምና አሻሻለች። የአሜሪካ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2009 ቺፕ የተባለውን የልጆች ጤና መድን ሲያድስ የጥርስ ሕክምናን በግዴታ አካተተ። እንዲህ ያለው ሞት የዘወትር ነገር አይደለም፤ አብዛኛው የታመመ ጥርስ እዚህ አይደርስም። ነገር ግን የትኛው እንደሚደርስ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ለምን ይዘገያል?

የመጀመሪያው ምክንያት ገንዘብ ነው። በአሜሪካ የጥርስ መድን ከሌላው የጤና መድን ተለይቶ ስለሚሸጥ የሕክምና መድን ያለው ሰው ሁሉ የጥርስ የለውም። ሁለተኛው ፍርሃት ነው፤ በልጅነቱ ያለ በቂ ማደንዘዣ በጉጠት የተነቀለበት ሰው ነጭ ጋዋን ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል። ዛሬ ቦታው በሚገባ ሳይደነዝዝ የሚጀመር ሥራ የለም፤ ማደንዘዣው ካልያዘው እጁን አንስቶ ማስቆምና እንዲጨመርለት መጠየቅ ይችላል። ሦስተኛው የሥራ ሰዓት ነው፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ግማሽ ቀን ሲያጣ የሚጎድለው የቤት ኪራይ ነው።

አራተኛው ደግሞ በብዙ ወገኖች ዘንድ የተለመደ ነው፤ «አዲስ አበባ ስሄድ አሠራዋለሁ» የሚለው። በአዲስ አበባ ጥሩ የጥርስ ሐኪሞች መኖራቸውና ዋጋውም መቀነሱ እውነት ነው። ጤነኛ ድድ ላይ የሚሠራ፣ የማያስቸኩል ሥራ ያለው ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን መግል የያዘ ጥርስ የአውሮፕላን ትኬት አይጠብቅም። የጥርስ ሥር ሕክምና፣ እዚህ ሩት ካናል የሚሉት፣ በላዩ ከሚደረገው ክዳን ጋር ከአንድ በላይ ቀጠሮ ይፈልጋል፤ የሁለት ሳምንት እረፍት ደግሞ በለቅሶ፣ በሠርግና በዘመድ ጥየቃ ያልቃል። ሥራው ከተመለሱ በኋላ ቢበላሽም የሠራው ሐኪም በብዙ ሺህ ማይል ርቀት ላይ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቢያንስ ከመሄዱ በፊት እዚህ ራጅ ቢነሣና አስቸኳዩን ቢያሠራ፣ ሲመለስም የተሠራለትን የሚገልጽ ማስረጃና ራጅ ይዞ ቢመጣ ይበጀዋል።

መቼ ነው መሄድ የሚገባው?

ምልክቶቹን በሦስት መክፈል ይቻላል።

ቀጠሮ አስይዞ በሳምንታት ውስጥ መታየት የሚገባው፦ ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ ሲነካው ለአፍታ ጠቅ የሚያደርግ ጥርስ፣ ሲቦርሹ የሚደማ ድድ፣ በንጽሕና የማይሻር የአፍ ጠረን፣ የተሸረፈ ግን የማያምም ጥርስ፣ ምግብ የሚወተፍበት አዲስ ክፍተት። አፍ ውስጥ የወጣ ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት ከሁለት ሳምንት በላይ ካልጠፋ የግድ መታየት አለበት፤ በተለይ ሲጋራ በሚያጨስ ወይም መጠጥ በሚያዘወትር ሰው ላይ የአፍ ካንሰር ሊሆን ይችላልና።

በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ መታየት የሚገባው፦ ቀዝቃዛ ወይም ትኩስ ከተወገደ በኋላ የማይለቅ ሕመም፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ሲነክሱበት የሚያም ጥርስ፣ ድድ ላይ እንደ ብጉር ወጥቶ መግል የሚያፈስ ነገር፣ በመጨረሻው መንጋጋ አካባቢ ያበጠ ድድ። ብዙ ሌሊት ካሠቃየ በኋላ በድንገት ዝም ያለ ጥርስም ከእነዚህ ይመደባል። ያ የታክሲ ነጂ ቀጠሮውን የሰረዘው ከምን ጊዜውም ይልቅ ባስፈለገው ቀን ነበር።

አንድ ሰዓት እንኳ የማይሰጠው፦ እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከወረደ፣ ከአገጭ በታች ያለው ሥጋ ከጠጠረ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ አፍ እንደ ልብ አልከፈት ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከእብጠት ጋር ከመጣ። በዚህ ጊዜ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አይጠበቅም፤ 911 ተደውሎ ወይም ሰው አድርሶ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። ከታችኛው መንጋጋ የተነሣ እብጠት ከምላስ ሥር ተስፋፍቶ የአየር መተላለፊያውን ሊዘጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ሜዲኬርን የሚቀበል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሉ የመጣውን በሽተኛ ገንዘብ ኖረውም አልኖረውም መርምሮ ከአደጋ የማውጣት ግዴታ አለበት። ሂሳቡ በኋላ መምጣቱ አይቀርም፤ እርሱ ግን በድርድርና በክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ ሊቃለል ይችላል።

እንዲህ ያለ ምልክት ለሌለው የጥርስ ሕመም ግን ድንገተኛ ክፍል መፍትሔ አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ሰጥቶ ወደ ጥርስ ሐኪም ይልካል፤ ጥርሱን አይሞላም፣ አይነቅልም።

ቅርንፉድ፣ አረቄና የተረፈ ክኒን

ቅርንፉድ የማደንዘዝ ባሕርይ እንዳለው እናቶች በልምድ ያውቁታል፤ እውነትም አለው። ሆኖም የሚያደርገው ሕመሙን ለጥቂት ጊዜ ማስታገስ ብቻ ነው። ነጭ ሽንኩርት ወይም አስፕሪን ድድ ላይ መለጠፍ ሥጋውን ያቃጥላል፤ በአንድ ቁስል ላይ ሌላ ቁስል ይጨምራል። አረቄም ያቃጥላል እንጂ ከጥርሱ ሥር ያለውን መግል አይደርስበትም። ለብ ባለ ጨው ውኃ መጉመጥመጥ ግን ጉዳት የለውም፤ ድዱንም ያጸዳል።

ከሁሉ የከፋው ልማድ የተረፈ አሞክሲሲሊን ከመሳቢያ አውጥቶ ወይም ከጎረቤት ተቀብሎ ሁለት ሦስት ቀን መዋጥ ነው። አንቲባዮቲክ የሚጓዘው በደም ነው፤ ነርቩ በሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይዘዋወርም። ስለዚህ መድኃኒቱ በዙሪያው ያለውን ሊያበርድ ይችላል፤ ምንጩ ግን ባለበት ይቀመጣል። መግሉ የሚወገደው ጥርሱ ተከፍቶ ሲጸዳ ወይም ሲነቀል ነው። ግማሽ መንገድ ላይ የተቋረጠ አንቲባዮቲክ ደግሞ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች እንዲበዙ ይረዳል።

ቀጠሮው እስኪደርስ ለአዋቂ ሰው የሚመከረው 400 ሚሊግራም ኢቡፕሮፌን ከ500 ሚሊግራም አሴታሚኖፌን ጋር ነው፤ ሁለተኛው ታይሌኖል በሚባለው ስም ይታወቃል። የኩላሊት ወይም የጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሐኪም ሳያማክሩ ኢቡፕሮፌን መውሰድ የለባቸውም። አሴታሚኖፌን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 ሚሊግራም ካለፈ፣ ከመጠጥ ጋር ከሆነም በዚያ ባነሰ፣ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶችም ይህንኑ ስለያዙ ጽሑፋቸውን ማንበብ ይገባል።

ድድም ይናገራል

ጤነኛ ድድ ሲቦረሽ አይደማም። ደም ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ይህ ብሩሽ ጎዳኝ» ብሎ መቦረሹን ይተዋል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ይብሳል። ድዱን የሚያስቆጣው በጥርሱ ግርጌ የሚጋገረው ቆሻሻ ነው፤ ውሎ ሲያድር ታርታር ሆኖ ይጠጥራል፤ ያን ደግሞ በብሩሽ ማንሣት አይቻልም፤ በሐኪም ቤት መጠረግ አለበት። ቸል ከተባለ ጥርሱን የያዘው አጥንት እየተበላ ይሄድና አንድም ቀዳዳ የሌለው ጥርስ ተነቃንቆ ይወድቃል። በሚያጨስና የስኳር በሽታ ባለበት ሰው ላይ ይህ ይፋጠናል፤ የታመመ ድድም በበኩሉ የደሙን ስኳር መቆጣጠር ያስቸግራል።

ከአገር ቤት አብሮ የመጣ

በውጭ አገር ያለ የጥርስ ሐኪም ስለ ኢትዮጵያውያን አፍ የማያውቃቸው ነገሮች ሊኖሩ ስለሚችሉ በሽተኛው ቢነግረው ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የድድ ንቅሳት ነው። በሰሜን ኢትዮጵያና በኤርትራ ለውበት ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ጥቂት አይደሉም። የጠቆረ ድድ ሲቆጣ መቅላቱ በቀላሉ አይታይም፤ ሐኪሙም ጥቁረቱን በሽታ ሊያስመስለው ይችላል። «ይህ ንቅሳት ነው» ማለት ብቻ ከብዙ ጥርጣሬ ያድናል።

ሁለተኛው የጥርስ መበለዝ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመተሐራና በዝዋይ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ የሚሆነው የጉድጓዱ ውኃ ብዙ ፍሎራይድ ስላለበት ነው። ቀለሙ ጥርሱ በልጅነት ሲሠራ የገባ ስለሆነ በመቦረሽ አይለቅም፤ የንጽሕና ጉድለትም አይደለም። በዚህ አፍረው አፋቸውን ሸፍነው የሚስቁ ሁሉ ሐኪም ቢያማክሩ ማንጫና መሸፈኛ ዘዴ አለ።

ሦስተኛው መፋቂያ ነው። የወይራ መፋቂያ በደንብ ከተያዘ ጥርስ ያጸዳል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በተለመደባቸው አገሮች እንዲሠራበት መክሯል። ነገር ግን በጥርስና በጥርስ መካከል አይገባም፤ የመንጋጋውንም የኋላ ጎን በቀላሉ አይደርስም። መፋቂያውን የሚወድ ሰው አይተወው፤ ማታ ከመተኛቱ በፊት ግን ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ቢቦርሽና የጥርስ ክር ቢጠቀም ሁለቱም ይረዱታል።

በመጨረሻም ለሐኪሙ ሊሸሸግ የማይገባ ነገር አለ። በልጅነት የልብ በሩ ተጎድቶ በሰው ሠራሽ የተተካለት ሰው ከጥርስ ሥራ በፊት አንቲባዮቲክ መውሰድ ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ከአፍ ወደ ደም የሚገባው ባክቴሪያ ልቡ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም ይናገር፤ በራሱ ፈቃድ ግን አያቋርጥ። ነፍሰ ጡር ሴትም የጥርስ ሕክምና ማግኘት ትችላለች፤ ማርገዟን መንገር ብቻ ይበቃታል።

ሥራ ላይ የሚጠጣ ሻይና ለስላሳ

ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ስንት ጊዜ መቀመሱም ነው። አንድ ጣፋጭ ነገር አፍ በገባ ቁጥር አሲዱ ጥርሱን ግማሽ ሰዓት ያህል ያጠቃዋል፤ ከዚያ ምራቅ ያጥበዋል። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበትን ሻይ በአሥር ደቂቃ የሚጨርስ ሰው ጥርሱን አንድ ጊዜ ያስጠቃል። ያንኑ ሻይ መኪናው ውስጥ ወይም ፓርኪንግ ጋራዡ ውስጥ አስቀምጦ ለስድስት ሰዓት ፉት የሚል ግን ስድስቱንም ሰዓት ጥርሱን አሲድ ውስጥ ዘፍዝፎ ዋለ ማለት ነው። ለስላሳና ጫትን አብሮ የሚያዘወትርም እንደዚሁ ነው። ጣፋጩን ከምግብ ጋር ጠጥቶ መጨረስና በመካከሉ ንጹሕ ውኃ መጠጣት ምንም ወጪ የሌለው ሕክምና ነው።

ልጆች

«የወተት ጥርስ ነው፤ መውደቁ አይቀርም» የሚለው አባባል ብዙ ልጆችን አሠቃይቷል። የወተት መንጋጋዎች እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ አፍ ውስጥ ይቆያሉ፤ ከበሰበሱም እንደማንኛውም ጥርስ መግል ይይዛሉ። ሕፃን ወተት ወይም ጁስ የያዘ ጡጦ ጎርሶ ሊተኛ አይገባም። የመጀመሪያው የሐኪም ጉብኝት የመጀመሪያው ጥርስ በወጣ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ አንድ ዓመት ሳይሞላው ነው። እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከዚያ እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃለች።

በአገር ቤት በአንዳንድ አካባቢዎች የሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ከክራንቻ ጥርስ የመጣ ነው ተብሎ ጥርሱ ገና ከድድ ሳይወጣ ተቆፍሮ ይወጣል። በእስራኤል የሚገኙ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ በገቡ ቤተሰቦች ልጆች ላይ የዚህን ጠባሳ አይተዋል፤ ከሥር የሚበቅለውን ቋሚ ጥርስ ያበላሻል፤ ሕፃኑንም ለቁስልና ለደም መፍሰስ ይዳርጋል። ተቅማጡ የሚድነው በፈሳሽና በሐኪም ነው። አያት ለእረፍት በሄደው ሕፃን ላይ ይህን ልታሠራ ብታስብ በትሕትና ግን አጥብቆ መከልከል የወላጅ ፈንታ ነው።

ልጅ ወድቆ ቋሚ ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በነጩ በኩል ይያዝ፤ ሥሩ አይታሽ። ከቆሸሸ ለአፍታ በውኃ ለቅለቅ ተደርጎ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ካልተቻለ ወተት ውስጥ ተደርጎ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከተደረሰ የመዳን ተስፋው ትልቅ ነው። የወተት ጥርስ ግን አይመለስም።

ገንዘብ ለቸገረው

ሜዲኬይድ በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች የልጆችን ጥርስ ያሳክማል። ለአዋቂዎች ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021፣ ሜሪላንድ ከጥር 2023 ጀምሮ ለአዋቂዎች አስፍተውታል። ሜዲኬይድ ያለው ሰው «ጥርስ አይጨምርም» ከሚለው የድሮ ወሬ ይልቅ በካርዱ ላይ ባለው ስልክ ደውሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል። መደበኛው ሜዲኬር ግን አብዛኛውን የጥርስ ሥራ አይከፍልም፤ አዛውንት ወላጆችን ያስመጡ ልጆች ይህን ይወቁ።

መድን የሌለው ሰው ሁለት በሮች አሉት። አንደኛው እንደ ገቢው መጠን የሚያስከፍሉት የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ናቸው፤ የደሞዝ ማስረጃ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ናቸው። በዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1881 የተመሠረተው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ፣ በባልቲሞር ደግሞ በ1840 ተከፍቶ በዓለም የመጀመሪያ የሆነው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ይገኛሉ። ሥራውን የሚሠሩት በመምህራን ቁጥጥር ሥር ያሉ ተማሪዎች ስለሆኑ ጊዜ ይወስዳል፤ ዋጋው ግን ይቀንሳል። ቀጠሮ ሲያዝ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር የለውም፤ የ10 ዓመት ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ለልጁም ለበሽተኛውም አይበጅም። ሥራው ከመጀመሩ በፊትም የዋጋውን ዝርዝር በጽሑፍ መቀበል፣ በየወሩ የሚከፈልበት መንገድ እንዳለ መጠየቅ ይቻላል።

ያ የታክሲ ነጂ በዚያ ምሽት ምን ቢያደርግ ይሻለው ነበር? ያቺ ልጅ አልተወችውም እንበል። ምግቡን ከማቅረቧ በፊት፣ «ጋሼ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ይደውሉ፤ እኔ ቁጥሩን እፈልግልዎታለሁ» ትለዋለች። በማግሥቱ ጠዋት ራጅ ይነሣል። ከዓመት በፊት ቢመጣ በሙሌት ብቻ የሚያልፍ የነበረው ጥርስ ሥሩ አልቆ ይገኝና መግሉ ወጥቶ ጥርሱ ይነቀላል። ሰውየው አንድ መንጋጋ አጉድሎ፣ ነገር ግን በእግሩ እየሄደ ወደ ልጆቹ ይገባል። አንድ ሳምንት ቢጨምር ወሬው ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

ይህን ጋዜጣ በምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ አግኝቶ የሚያነብ ሰው በአንድ ጎን ብቻ እያኘከ ከሆነ ነገሩን ለነገ አያሳድረው። ያበጠ ጉንጭ ያለው ወዳጅ ከአጠገቡ ከተቀመጠም «ያልፋል» ሲለው አብሮ «ያልፋል» አይበለው፤ ስልኩን አንስቶ ይደውልለት። ሳይቃጠል በቅጠል።